የጋራ ሶፍትዌር አንድ ደመወዝተኛ ያስፈልገዋል

በኛ ሰፈር እድር ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚያገለግሉት በነፃ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን የሚጠብቀውም አባሉ በተራ ነበር። ቁልፉ በየስድስት ወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። አንድ ቅዳሜ ማታ የአንድ ነባር አባላችን ባለቤት አረፉ። ድንኳን ልናወጣ ስንሄድ ባለተራው ለሥራ ወደ አዳማ ወርደዋል፤ ቁልፉም አብሯቸው ሄዷል። ለቀስተኛው ሌሊቱን በብርድ ተቀምጦ አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁልፉ መጥቶ እቃ ቤቱ ሲከፈት ደግሞ ድንኳኑ በእርጥበት ሻግቶ፣ ሠላሳ ያህል ወንበርም ጎድሎ ተገኘ።

ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ተንኮል አልሠራም። የሁሉም የሆነውን ንብረት ነገሬ ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ደመወዝ የሚከፈለው የእቃ ቤት ጠባቂ ይቀጠር» የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንድ የተከበሩ አዛውንት ተቃወሙ። «እድር የፍቅር ነው። ዛሬ ለጠባቂ ከከፈልን ነገ ጸሐፊው ደመወዝ ይጠይቃል፤ ከነገ ወዲያ ወጥ የሚሠሩትም ሒሳብ ያወጣሉ» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ተነሱና፣ «ጋሼ፣ ጥሩንባ ነፊው እኮ ድሮም ይከፈለው ነበር። በዚያ ምክንያት ከቀብር የቀረ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ሳቀ። ጠባቂውም ተቀጠረ። እስከ ዛሬ ጸሐፊው ደመወዝ አልጠየቀም፤ ወጥ የሚሠሩትም ሒሳብ አላወጡም።

ይህን ያነሳሁት ስለ እድር ለማውራት አይደለም። ነጋዴው፣ ደላላውና ባለሀብቱ በየቀኑ ስለሚጠቀሙበት፣ ዋጋ ግን ስላልከፈሉበት አንድ ሸቀጥ ለመናገር ነው። በዚያም ሸቀጥ ዙሪያ ይኸው የእድራችን ክርክር በዓለም ደረጃ ሲካሄድ ቆይቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማይታየው ሸቀጥ

ሸቀጡ «ኦፕን ሶርስ» ይባላል። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ማለት ነው። የተለመደው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ባህል መድኃኒት ቅጠል ነው። ባለቤቱ መድኃኒቱን ይሸጥልሃል እንጂ ቅጠሉን አያሳይህም። ኦፕን ሶርስ ግን አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ስህተት ያገኘ ያርመዋል፣ የሚነግድበትም ይነግድበታል። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በተለያየ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። ቀን ለቀጣሪያቸው ይሠራሉ፤ ማታ ደግሞ ያለ ክፍያ ለዚህ የጋራ ሥራ ይቀመጣሉ።

አንባቢ «ይህ እኔን ምን ያገባኛል?» ሊል ይችላል። በኪሱ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ መሠረቱ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው የኦፕን ሶርስ ሥራ ነው። የሸቀጥ ዋጋ የሚያይበት ድረ ገጽ፣ ሒሳቡን የሚልክበት መስመር፣ የይለፍ ቃሉን ከሌባ ዓይን የሚሰውረው መቆለፊያ፣ ሁሉም ውስጣቸው ቢታይ አንድ ወይም ሌላ የኦፕን ሶርስ ክፍል አለባቸው።

ዋጋውስ ስንት ነው? በ2024 በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ጥናት ይህን ለመተመን ሞክሯል። በብዛት በሥራ ላይ ያሉትን ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮች አንድ ጊዜ እንደ አዲስ ለመጻፍ 4.15 ቢሊዮን ዶላር ይበቃል ይላል። የሚጠቀሙባቸው ድርጅቶች ሁሉ ግን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ማሠራት ቢኖርባቸው ወጪው 8.8 ትሪሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ለኔ ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከዚህ ጥቅም ከ96 በመቶ በላይ የሚሆነውን የፈጠሩት 5 በመቶ የሚሆኑት ፕሮግራመሮች ብቻ ናቸው።

ለነጋዴ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ዓለም የሚነግድበት ትልቅ መጋዘን ጥቂት ሰዎች ጫንቃ ላይ ተቀምጧል። ሊኑክስን የመሳሰሉት ግዙፎች አሳቢ አላጡም። ቶርቫልድስ ራሱ ከ2003 ጀምሮ ደመወዙን የሚያገኘው በኩባንያዎች መዋጮ ከሚተዳደር ድርጅት ነው። ችግሩ ያለው ስማቸው የማይነሳው፣ ነገር ግን ያለ እነሱ ሌላው ሁሉ የማይቆመው ክፍሎች ላይ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ከእነዚህ አንዱ ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ምስጢር በመንገድ እንዳይነበብ የሚቆልፍ ሶፍትዌር ነው። በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች፣ የገንዘብ ተቋማት ያሉባቸው ሳይቀሩ፣ ይጠቀሙበታል። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 በዚህ መቆለፊያ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ከሩቅ ያለ ሌባ ማንም ሳያየው ከሰርቨሩ ማስታወሻ ውስጥ ቁራሽ ቁራሽ መረጃ፣ የይለፍ ቃልም ጭምር፣ መቅዳት ይችል ነበር። ቀዳዳው የነበረባቸው ድረ ገጾች ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ በወቅቱ ተገምቷል።

ስህተቱ የገባው በ2011 ዲሴምበር 31 ቀን በተመዘገበ አንድ የኮድ ለውጥ ነው። የተጠየቀው መረጃ ርዝመት ከተላከው ጋር ይመጣጠን እንደሆነ የሚያጣራ አንድ ቁጥጥር ተዘልሏል። ለውጡን ያየው ሌላ ሰው ሳያስተውለው አለፈ። ከዚያ ወዲያ ከሁለት ዓመት በላይ ዓለም በተከፈተ በር ሲገባና ሲወጣ ኖረ።

ጉዳቱ በወሬ ብቻ አልቀረም። የካናዳ የገቢ መሥሪያ ቤት ግብር በሚሰበሰብበት በዚያው ሰሞን የኢንተርኔት አገልግሎቱን ለቀናት ለመዝጋት ተገደደ። የ900 ያህል ግብር ከፋዮች መለያ ቁጥር መሰረቁን አሳወቀ፤ የግብር ማስታወቂያ ቀነ ገደቡንም ወደ ሜይ 5 አራዘመ።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ይህን የሚጠብቅ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ አሳፋሪ ነበር። ፕሮጀክቱን የሚደግፈው ድርጅት ኃላፊ እንደገለጹት፣ በስጦታ የሚገባው ገንዘብ በዓመት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሙሉ ጊዜውን የሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ድርጅቱ የሚኖረውም ለደንበኞች የተለየ ሥራ በኮንትራት እየሠራ በሚያገኘው ገቢ ነው። እንጀራው ከኮንትራት የሚመጣ ሰው ደግሞ ቀኑን ለኮንትራቱ መስጠቱ አይቀርም። የጋራው ኮድ የሚነበበው ሲተርፈው ነው።

ቀዳዳው በታወቀ በሦስተኛው ሳምንት ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አማዞን፣ ኢንቴል፣ አይ ቢ ኤምና ሌሎችም፣ በጠቅላላው ከአሥር በላይ ኩባንያዎች፣ በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ተሰበሰቡ። እያንዳንዳቸው በዓመት ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር ለሦስት ዓመት ለማዋጣት ቃል ገቡ። ከመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎችም አንዱ ለኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ሁለት የሙሉ ጊዜ ፕሮግራመሮች ደመወዝ መክፈል ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን ነው። የሁለት ሰው ደመወዝ ቀደም ብሎ ቢከፈል ኖሮ ስህተቱ በእርግጥ ይያዝ ነበር ብሎ የሚምል የለም። የሚያይ ዓይን በበዛ ቁጥር ግን ዕድሉ እንደሚጨምር ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከጋዜጣ ቤት የወጣው ጃንጎ

በኔ አስተያየት ቅጥሩን በጊዜና በሥርዓት በማድረግ ረገድ የተሻለው ምሳሌ ጃንጎ ነው። የጋዜጣ ሰው በመሆኔ አዳልቼለት ይሆናል፤ ጃንጎ የተወለደው በጋዜጣ ቤት ነውና። በአሜሪካ ካንሳስ ክፍለ ግዛት ላረንስ ጆርናል ወርልድ የሚባል ጋዜጣ አለ። በ2003 በዚያ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች የዜና ቀነ ገደብ ሳያልፍባቸው ድረ ገጽ የሚሠሩበት መሣሪያ አበጁ። መሣሪያው በ2005 ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ። ኢንስታግራምን የመሰለ ግዙፍ ድርጅት ሳይቀር ተጠቀመበት። ከ2008 ጀምሮ ንብረቱንና መዋጮውን የሚይዝ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመለት፤ የኮዱ ሥራ ግን በበጎ ፈቃደኞች እጅ ቆየ።

በጎ ፈቃደኛ የሚወደውን ይሠራል። ይህ ተፈጥሮ ነው። አዲስ ነገር መፍጠር ይወዳል። ከየአገሩ የሚመጣውን የብልሽት አቤቱታ አንድ በአንድ ማንበብ፣ የሰው ኮድ ማረም፣ አሮጌውን እትም መጠገን፣ በሌሊት የመጣ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ መልስ መስጠት ግን የሚያጓጓ አይደለም። ስለዚህ አቤቱታው ይከመራል። ኮድ ጽፎ የላከ አዲስ ሰው መልስ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። እትሙም ይዘገያል። በ2012 ማርች 1.4 የተባለው እትም ከወጣ በኋላ ተከታዩ የመጣው ከ11 ወር በኋላ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ከ8 ወር በላይ ቆይቶ፣ ቀጥሎ ያለው በ10 ወር ነበር። መቼ እንደሚመጣ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም።

በ2014 መጨረሻ ድርጅቱ ከመዋጮው አንድ ሰው ቀጠረ። የተቀጠረው ከውጭ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ ሥራውን በነፃ ሲሠራ የኖረና ሌሎቹ የሚያምኑት ሰው ነው። የሥራ ዝርዝሩ ሲታይ ብልሃቱ ይገባል። ዋና ተግባሩ አዲስ ነገር መፍጠር አልነበረም። አቤቱታ መለየት፣ የሌሎችን ኮድ መመርመር፣ የደኅንነት ጥቆማ መቀበል፣ እትም በወቅቱ ማውጣት፣ አዲስ መጪዎችን ማገዝ ነበር። ባጭሩ የእቃ ቤቱን ቁልፍ ያዘ። በየሳምንቱም የሠራውን ማንም በሚያየው ቦታ ጽፎ ያወጣ ነበር። በኋላም ሥራው ለሁለት ሰዎች ተከፈለ።

ውጤቱን በቀን መቁጠሪያ መመርመር ይቻላል። በ2015 ኤፕሪል 1.8 ወጣ። ከዚያ በኋላ ዲሴምበር፣ በተከታዩ ዓመት ኦገስት፣ ከዚያ ደግሞ ኤፕሪል፣ በየ8 ወሩ እንደ ደመወዝ ቀን ሳያዛንፍ መጣ። በ2025 ኤፕሪል 5.2 የተባለው እትም የወጣው በዚሁ ተራ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ማለት ነው። መርከብ የሚጠብቅ አስመጪ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ዕቃው የሚገባበት ቀን ከታወቀ መጋዘን ማዘጋጀት፣ ሠራተኛ መመደብ፣ ከደንበኛ ጋር ውል መግባት ይቻላል። ቀኑ ካልታወቀ ሁሉም በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ወጪ አለው።

ደመወዙ ጠብ ሲያመጣ

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ እንዳልናገር፣ ቅጥሩ የተበላሸበትንም ላንሳ። ደቢያን በ1993 የተመሠረተ፣ ከመቶዎች በሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የሊኑክስ ዓይነት ነው። በ2006 መሪው የነበሩት ሰውና ጥቂት ባልደረቦቻቸው አንድ ዕቅድ አወጡ። አዲሱ እትም በዲሴምበር 4 እንዲደርስ፣ እትሙን የሚያስተባብሩት ሁለት ሰዎች በየተራ አንድ አንድ ወር ተከፍሏቸው ሙሉ ጊዜ ይሥሩ የሚል ነው።

ጠብ ተነሳ። «ለምን ለነሱ ብቻ? እኛ ስንት ዓመት በነፃ የሠራነው ዋጋ የለውም ወይ?» የሚሉ በዙ። አንዳንዶቹ በቅሬታ ሥራቸውን ቀነሱ። መሪውን ከሥልጣን ለማውረድ እስከ ድምፅ መስጠት ተደረሰ፤ ሐሳቡ ባይሳካም። እትሙ በተባለው ቀን አልደረሰም። የወጣው ኤፕሪል 8 ቀን 2007 ነው፤ አራት ወር ዘግይቶ።

በእድራችን የተናገሩት አዛውንት ይህን ቢሰሙ «አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። እውነትም አላቸው። ገንዘብ ወደ ፍቅር ቤት ሲገባ ሰው ራሱን ከጎረቤቱ ጋር ማስተያየት ይጀምራል። ትናንት «ሁላችንም በነፃ» የነበረው ዛሬ «አንተ በደመወዝ፣ እኔ በነፃ» ይሆናል።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ይኸው ደቢያን በ2014 ሌላ ነገር አደረገ። የድጋፍ ጊዜያቸው ያለፈ አሮጌ እትሞችን የደኅንነት ጥገና የሚፈልጉ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ገንዘቡን ከማኅበሩ ውጭ ያለ አንድ ድርጅት ያዘው፤ ከደቢያን ሰዎች መካከል ፈቃደኛ የሆኑት በሰዓት እየተከፈላቸው ጥገናውን ሠሩ። ይህ አሠራር ዓመታትን ተሻገረ።

በ2006ና በ2014 መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የመጀመሪያው ደመወዝ የተከፈለው ሁሉም ለሚኮራበት ሥራ፣ ለዋናው እትም፣ የራሱ መሪ ባቋቋመው ገንዘብ፣ ለአንድ ቀነ ገደብ ሲባል ነው። ሁለተኛው የተከፈለው ማንም በነፃ ሊሠራው ለማይጓጓ የአሮጌ እትም ጥገና፣ ከማኅበሩ ውጭ በተቀመጠ ገንዘብ፣ በግልጽ የሰዓት ሒሳብ ነው። ስለዚህ ጠቡን ያመጣው ደመወዙ ብቻ አይመስለኝም፤ የደመወዙ አከፋፈልም ጭምር ነው። የእድራችን ነጋዴ ያሉት ይኸንኑ ነው። ጥሩንባ ነፊው በንጋት ብርድ ይዞራል፤ ማንም አይቀናበትም።

ግማሽ ሴኮንድ

አለመቅጠር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ 2024 አሳይቶናል። ኤክስ ዜድ የሚባል መረጃ የሚያሳንስ መሣሪያ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት የጠበቀው በዋናነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ2022 ሰዎች ሥራው ዘገየ እያሉ ሲጨቀጭቁት፣ የአእምሮ ጤንነቱ እንደተጎዳና ይህ ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን በግልጽ መለሰ። ከጨቅጫቂዎቹ አንዳንዶቹ በእውን የሌሉ፣ በሐሰት ስም የተከፈቱ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ በኋላ ተጠርጥሯል።

በዚህ መካከል «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ትጉህ ረዳት ብቅ አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ጥሩ ሥራ እየሠራ አመኔታ አተረፈ፤ ቀስ በቀስም የፕሮጀክቱን ቁልፍ ተረከበ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት እትሞች ውስጥ ማንም ሳያይ ሰርቨር ከፍቶ ለመግባት የሚያስችል የጓሮ በር አስቀመጠ። ያጋለጠው ማርች 29 ላይ አንድረስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ሌላ ሥራ ሲሠራ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባበት ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ እንደዘገየ አስተዋለና ምክንያቱን ተከታተለ። ግማሽ ሴኮንድ ዓለምን አዳነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰውየው ገንዘብ አልሰረቀም፤ የሰረቀው የደከመ ሰው እምነት ነው። የደከመ ጠባቂ «ላግዝህ» ያለውን ሁሉ ሳይመረምር ቢያምን በምን እንፈርድበታለን? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። ሎሚውን የሚጠቀሙት ሚሊዮኖች፣ የሚሸከመው አንድ።

ሒሳቡን ብናሰላው

እዚህ ላይ ባለሀብት ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ያስወጣል?» ብሎ ነው። የጃንጎ ድርጅት በ2024 ከደጋፊዎቹ ሊሰበስብ ያቀደው 200 ሺህ ዶላር ነበር። 200 ኩባንያዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ዶላር በዓመት ነው። በዚያ መሣሪያ የሚነግድ ድርጅት ለቢሮ ጥበቃ ወይም ለመኪና ኢንሹራንስ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ የሚያስጨንቅ ገንዘብ አይደለም። ደግሞም ምጽዋት አይደለም። የጥገና ወጪ ነው። የወፍጮውን ድንጋይ ሳያስወቅር እህል ብቻ የሚያስፈጭ ባለወፍጮ የት ይደርሳል?

ይሁንና ከዋጮው ሁሉ አንዱ ብቻ ትልቅ ከሆነ ሌላ አደጋ አለ። በ2021 የፓይተን ድርጅት የመጀመሪያውን የሙሉ ጊዜ ፕሮግራመር የቀጠረው ከጉግል በተገኘ ገንዘብ ነው። መልካም ጅምር ነው፤ ግን የአንድ ደንበኛ ገበያ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነጋዴ ያውቀዋል። ከሃርትብሊድ በኋላ የተገባው ቃልም የሦስት ዓመት ነበር። የደመወዝ ምንጩ ብዙ ይሁን፤ እያንዳንዱም ትንሽ ይሁን። ከፋይ ብዙ ሲሆን አዛዥ አይኖርም።

ከእነዚህ ታሪኮች በበኩሌ አራት ነገር ተምሬአለሁ። ተቀጣሪው በጎ ፈቃደኛው የማይፈልገውን ሥራ ይያዝ። ከመካከላቸው የሚታመን ሰው ይሁን። ገንዘቡን የሚይዘው ስለ ኮዱ አይዘዝ። የተሠራው በየጊዜው በአደባባይ ይነገር። እነዚህ ከተሟሉ ደመወዙ በጎ ፈቃዱን አይገድለውም፤ እንዲያውም ከጭቃው አውጥቶ መንገድ ላይ ያቆመዋል።

የኛስ ነጋዴ?

እኛ የዚህ ገበያ ተጠቃሚዎች ነን። የኢንተርኔት ሱቅ የሚከፍተው፣ የመኪናና የቤት ድለላ ድረ ገጽ የሚያሠራው፣ የሒሳብ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የሚያዞረው ባለሀብት ሥራውን ለወጣት ፕሮግራመሮች ይሰጣል። ወጣቶቹም ከባዶ አይጀምሩም፤ ጃንጎን ወይም እሱን የመሰለ የጋራ መሣሪያ ወስደው በላዩ ላይ ይገነባሉ። ተገቢም ነው። ነገር ግን ባለሀብቱ ቤት ሲያሠራ ስለ ሲሚንቶው ይጠይቃል፤ ሶፍትዌር ሲያሠራ ግን ስለ መሠረቱ አይጠይቅም። «የሠራህበት መሣሪያ ማን ይጠብቀዋል? ብልሽት ሲታወቅ በስንት ቀን ይጠገናል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በውሉ ላይ ቢጨመሩ ምንም ወጪ የላቸውም።

ዶላር ለዚህ ጉዳይ ብሎ ባንክ መጠየቅ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። ከዶላር ሌላ ግን የምንከፍለው አለን፤ እሱም ጊዜ ነው። ፕሮግራመር ያለው ድርጅት በወር አንድ ቀን ለሚጠቀምበት የጋራ ሶፍትዌር እንዲሠራ ቢፈቅድለት፣ መዋጮውን በጉልበት ከፈለ ማለት ነው። ሠራተኛውም በዓለም ገበያ ስም ያተርፋል፤ ብልሽት ሲመጣም የሚጠይቀው ሰው ያውቃል።

የራሳችን የሆነም አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ከመግባቱ በፊት፣ በአንዱ ድርጅት ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው መሥሪያ ቤት ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን እንደነበር በጊዜው በኮምፒዩተር የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። የጋራ ነገር ዋጋው ያኔ ነው የገባን። ዛሬ በነፃ የምናገኛቸው የአማርኛ ፊደላትና መጻፊያዎች ውስጥ ምንጫቸው ክፍት የሆኑ አሉ። እነሱ ሲበላሹ የውጭ ኩባንያ ለትርፍ ብሎ ይሮጥልናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አሥር አስመጪዎች፣ አምስት ማተሚያ ቤቶችና ጥቂት ባንኮች ተባብረው አንድ ባለሙያ በብር ቢቀጥሩ፣ ለዚህ ዶላር አያስፈልግም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የኛ እድር ቅጠሉን የያዘው ለቀስተኛ በብርድ ካደረ በኋላ ነው። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የያዘው ግማሽ ሚሊዮን በር ክፍት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ጃንጎ ግን ቀደም ብሎ ያዘ፤ ስለዚህም ስለ እሱ የሚነገር የእሳት ወሬ የለም። የሚነገረው በየስምንት ወሩ የሚመጣ እትም ብቻ ነው። ለጋዜጣ ትልቅ ዜና አይሆንም፤ ለነጋዴ ግን ከዚህ የሚሻል ዜና የለም።

ቸር ይግጠመን።